በአንድ ዕቃ የሚተከሉ ተክሎች በቅድሚያ ጠባያቸው ይስማማ

በግቢ ውስጥ ኖራ ወደ ፎቅ ቤት የተዛወረች እናት ቶሎ ከሚናፍቋት ነገሮች አንዱ ከደጇ ትቀጥፈው የነበረው ቅጠል ነው። ለቡናው ጤና አዳም፣ ለቅመሙ በሶብላ፣ ለዓውደ ዓመቱ አሪቲና ጠጅ ሣር ሁሉም ከቤት አጠገብ ይገኝ ነበር። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በአዲስ አበባ በብዛት በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለሚኖረው ቤተሰብ ግን የቀረው ግቢ በረንዳው ብቻ ነው። ይህች ጠባብ ስፍራ በአግባቡ ከተያዘች አበባም፣ ቅጠልም፣ የጓሮ አትክልትም ልትሰጥ እንደምትችል መዘንጋት አይገባም።

አንዲት የአምዳችን ተከታታይ ያጋጠማትን ችግር ገልጻልናለች። የምትኖረው 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ከድሮው ሰፈር አብረዋት የመጡት አማቷ የለመዱትን ግቢ አጥተው ቀኑን ሙሉ ሲተክዙ ብታይ፣ ከደመወዟ ቀንሳ በ3 ትልልቅ ዕቃዎች ልዩ ልዩ ተክሎችን ቀላቅላ ተከለችላቸው። 2 ወር ሳይሞላ ግማሹ በሰበሰ፤ ግማሹ ደረቀ። እንደገና ገዝታ ብትተክልም ውጤቱ ያው ሆነ። «እጄ ለተክል አይሆንም ማለት ነው?» ስትል ጠይቃለች።

የለም፤ ጉድለቱ የእጇ አይደለም። በአንዱ ዕቃ ውስጥ ሬትንና እንሶስላን ጎን ለጎን ተክላ ነበር። ሬት ውሃ በወፍራም ቅጠሉ የሚያጠራቅም፣ ፀሐይና ደረቅ አፈር የሚወድ ተክል ነው። እንሶስላ ደግሞ በደጋና በወይና ደጋ በጅረት ዳርና በጥላ ሥር የሚበቅል እርጥበት ወዳድ ነው። ለእንሶስላው ተብሎ ውሃ ሲጠጣ የሬቱ ሥር ይበሰብሳል፤ ለሬቱ ሲባል ውሃ ሲቀር እንሶስላው ይጠወልጋል። በመሆኑም ተክሎችን ለመቀላቀል ስናስብ ከመልካቸው በፊት የምንመለከተው የፀሐይና የውሃ ፍላጎታቸውን ነው።

በረንዳችሁን እወቁ

ወደ ችግኝ ሻጮች ከመሄዳችሁ በፊት አንድ የዕረፍት ቀን መርጣችሁ ፀሐይ በረንዳችሁ ላይ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ ተመልከቱ። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀትር ላይና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ማየት ይበቃል። ቀጥተኛ ፀሐይ በጠቅላላው ለ6 ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሚያርፍበት በረንዳ ለፀሐይ ወዳድ ተክሎች ይስማማል። የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኝ ወይም በሌላ ሕንፃ የተጋረደ ከሆነ ጥላ ወዳዶችን ምረጡ።

የአተካከል ውበት

ጠባያቸው የሚስማማውን ከለያችሁ በኋላ ወደ ውበቱ እንመጣለን። ዘዴው ቀላል ነው። በዕቃው መካከል አንድ ቀጥ ብሎ የሚቆም ተክል ይተከላል፤ ዙሪያውን መካከለኛ ቁመት ያላቸው ይሞሉታል፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ወደ ታች የሚንጠለጠሉ ወይም መሬት ለመሬት የሚሄዱ ይደረጋሉ። ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ዕቃ 1 የሚቆም፣ 3 የሚሞሉና 2 የሚንጠለጠሉ በቂ ናቸው። የሚቆመው ተክል ቁመት ከዕቃው ቁመት ከአንድ ተኩል እጥፍ ባይበልጥ ለዓይን ያምራል። ዕቃው ግድግዳ ተጠግቶ የሚቀመጥ ከሆነ ረጅሙን ከኋላ፣ አጭሩን ከፊት አድርጉት።

ብዙዎቻችን አበባውን ብቻ አይተን እንገዛለን። ይሁን እንጂ አበባ ይረግፋል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚታየው ቅጠል ነው። ስለዚህ ቅጠሎችን አለያዩ። ከሰፊ ቅጠል አጠገብ ቀጭን፣ ከጥቁር አረንጓዴ አጠገብ አመድማ፣ ከለስላሳው አጠገብ ሸካራው ሲቀመጥ አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል። የአበባውን ቀለም ከ2 ወይም ከ3 ባታሳልፉት መልካም ነው።

ሦስት የሚስማሙ ቅልቅሎች

1ኛ. ለፀሐያማ በረንዳ፦ በመካከል የጥብስ ቅጠል፣ ዙሪያውን አመድማ ቅጠል ያለው አሪቲና ቀይ ጄራኒየም፣ ጠርዙ ላይ ጦስኝ። ጦስኝ በአገራችን ደጋማ ቦታዎች መሬት ይዞ የሚበቅል በመሆኑ የዕቃውን ከንፈር ደህና አድርጎ ይሸፍናል። አራቱም ፀሐይና ውሃ የማይቋጥር አፈር ይወዳሉ። የጥብስ ቅጠሉና ጦስኙ ለወጥ ቤትም ይጠቅማሉ።

2ኛ. ለጥላማ በረንዳ፦ በመካከል እንሶስላ፣ ዙሪያውን ኮለስ፣ ጠርዙ ላይ ቀጫጭን ነጭና አረንጓዴ ቅጠል ያለውና ግልገሎቹን በረጅም ግንድ የሚያንጠለጥለው የበረንዳ ተክል። እንሶስላን አብዛኞቻችን የምናውቀው እጅና እግር በሚያቀላው ሥሩ ነው፤ ነጭ አበባው ግን ከብዙ የውጭ አበቦች የማያንስ ውበት አለው። ቁመቱ ስለሚጨምር ትልቅ ዕቃ ያስፈልገዋል። ኮለስም ቢሆን ባዕድ አይደለም፤ የወላይታ ድንች የቅርብ ዘመዱ ነው። ቀይና ወይን ጠጅ ቅጠሉ እንዲበዛ የሚያወጣውን አበባ ገና በእንጭጩ ቀንጥሱት።

3ኛ. ለወጥ ቤት፦ በመካከል ግንደ ቀይ ቆስጣ፣ ዙሪያውን ሰላጣ። ሁለቱም ብርሃንና የማይቋረጥ እርጥበት ይፈልጋሉ። ቆስጣውን ከሥሩ ሳትነቅሉ የውጭ ቅጠሎቹን ብቻ ብትቀጥፉ ከውስጥ እየተካ ለወራት ይመገቡታል። የዕቃው ጥልቀት ከ25 ሳንቲ ሜትር አይነስ።

ዕቃውና አፈሩ

ውድ ዕቃ መግዛት የግድ አይደለም። አሮጌ ባልዲ፣ የተቆረጠ ጀሪካን ወይም አፉ የተሰበረ እንስራ ያገለግላል። ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበትን ዕቃ ግን ለሚበላ ተክል አታውሉት። ሸክላ በገላው በኩል ስለሚተነፍስ ቶሎ ይደርቃል፤ ፕላስቲክ እርጥበት ያቆያል። የትኛውም ዕቃ ቢሆን ከሥሩ ከ4 ያላነሱ ቀዳዳዎች ይኑሩት። ከታች ጠጠር መደርደር ውሃውን ያወርደዋል የሚለው ልማድ ትክክል አይደለም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ ስለማይወርድ፣ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር ረግረግ እንደሆነ ይቆያል፤ ለሥሩም የሚተርፈው ቦታ ያንሳል። አፈሩ እንዳይፈስ ቀዳዳው ላይ ቁራጭ ወንፊት ማድረግ ይበቃል።

የአዲስ አበባ ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለብቻው አትጠቀሙበት። 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ ማቀላቀል ጥሩ ነው። ለፀሐይ ወዳዶቹ አሸዋውን ጨመር አድርጉ። ያልበሰበሰ ፍግ ሥር ያቃጥላል።

ስለ ውሃ

ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ለጥላማው ቅልቅልና ለቆስጣው የላዩ አፈር መድረቅ ሲጀምር፣ ለፀሐያማው ጣታችሁ የደረሰበት ድረስ ሲደርቅ ውሃ ስጡ። ሲሰጥም ከታች እስኪንጠባጠብ ይሁን፤ ጥቂት በጥቂት ማርከፍከፍ ላዩን ብቻ ያርሳል። ማለዳ ማጠጣት ይመረጣል። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ቆስጣና ጎመን የታጠበበት ውሃ ለአበባው ይበቃል። ጨው ወይም በረኪና የነካው ውሃ ግን ተክሉን ይጎዳል። በማረፊያ ሳህኑ ውስጥ የተጠራቀመውን ድፉት፤ ሥር ያበሰብሳል፣ ትንኝም ያራባል። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ወዳዶቹን ከዝናቡ ከለል አድርጓቸው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ለሊት ቅዝቃዜ ሲበረታ ኮለሱን ወደ ግድግዳ አስጠጉት።

ልጆችና መንገደኞች

ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ተክል ሲመረጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሰፊ ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ዲፈንባኪያ በብዙ ሳሎን ይታያል። ሕፃን ቅጠሉን ቢያኝክ በውስጡ ያሉት እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ነገሮች አፉንና ምላሱን ያሳብጣሉ። መለከት የሚመስል ትልቅ አበባ ቁልቁል የሚያንጠለጥለው ተክል፣ ኦሊያንደርና የጉሎ ፍሬ ደግሞ ከዚህ የከፋ መርዝ አላቸው። እነዚህን ልጅ በሚደርስበት ቦታ አታኑሩ። ልጁ ቀምሶ ከተገኘ አፉን በውሃ አጥባችሁ፣ እንዲያስመልሰው ሳታስገድዱ፣ የተክሉን ቅጠል ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ፈጥናችሁ ሂዱ።

የምንወደው ጤና አዳምም ጥንቃቄ ይሻል። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቆስል ስለሚችል ከቆረጣችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ። ነፍሰ ጡሮች በመድኃኒትነት ሊወስዱት አይገባም።

በመጨረሻም ዕቃውን ከበረንዳው ድጋፍ ብረት ላይ ከማስቀመጥ ተቆጠቡ። 20 ሊትር የሚይዝ ዕቃ አፈሩ ውሃ ሲጠጣ 30 ኪሎ ያህል ሊመዝን ይችላል። ከፎቅ ቢወድቅ ከታች የሚያልፈው የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። ቦታው ወለሉ ላይ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ነው፤ ሆኖም ልጆች ተንጠላጥለው ከድጋፉ በላይ እንዳይወጡበት ከጠርዙ ራቅ ይበል።

ለጠያቂያችንም ሆነ ለሌሎች እናቶች የምንመክረው በ1 ዕቃ እንድትጀምሩ ነው። ምርጫውን በቤት ላሉት አዛውንት ተዉላቸው፤ የትኛው ቅጠል ጥላ፣ የትኛው ፀሐይ እንደሚወድ ከማናችንም በላይ ያውቁታል። ማለዳ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከትተው የሚያዩት እሳቸው ይሁኑ። ልጆችም አጠገባቸው ቆመው ስሙን ይማሩ።