ከ«ግማሽ» በስተጀርባ፦ የክብ ጂኦሜትሪ መረዳትን በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ እንዴት እንመዝን?

ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ የሚገኙ፣ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ከተሞች ናቸው። ለአዲስ አበባ ቅርብ በመሆናቸው በሥነ ትምህርት ዘርፍ ለምንሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች መረጃ ለመሰብሰብ ይመቻሉ፤ ጠዋት ሄዶ ፈተና ሰጥቶ ከሰዓት በኋላ መመለስ ይቻላል። ይህ ምቾት ግን በመመዘኛው ላይ ጥላውን ያጠላል። በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ የምርጫ ፈተና እናዘጋጃለን፤ አማካይ ውጤቱን እናሰላለን፤ ዝቅ ብሎ ስናገኘው «ተማሪዎቹ ክብን አልተረዱም» ብለን እንደመድማለን። በእኔ እምነት እንዲህ ያለው ድምዳሜ የሚነግረን ስለ ተማሪው ከሚነግረን ይልቅ ስለ ፈተናው ነው። ውጤቱ ከፍ ብሎ ሲገኝም እንዲሁ ነው።

አንድ የተለመደ ጥያቄ እንውሰድ። መ የክቡ ማዕከል ነው፤ ሀ፣ ለ እና ሐ በዙሪያው ላይ የሚገኙ ነጥቦች ናቸው። ዘዌ ሀመለ 80 ዲግሪ ቢሆን ዘዌ ሀሐለ ስንት ነው? «ግማሽ» የምትለዋን ቃል የሸመደደ ተማሪ 40 ብሎ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ሐ በትልቁ ቅስት ላይ እስካለ ድረስም ልክ ነው። አሁን ሐን ወደ ትንሹ ቅስት፣ በሀ እና በለ መካከል እናምጣው። መልሱ 140 ይሆናል፤ ዘዌው የሚቆርጠው ትልቁን ቅስት ነውና፣ የዚያ ቅስት ማዕከላዊ ዘዌም 280 ዲግሪ ነውና። እዚህም ላይ 40 ብሎ የሚመልስ ተማሪ ቀደም ሲል ያገኘው ሙሉ ነጥብ የምን ነጥብ ነበር? «ለምን ግማሽ ሆነ?» ብለን ብንጠይቀው፣ ሬዲየሱን መሐን ስቦ ሁለት ጎኖቻቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሦስት ማዕዘኖችን ማሳየት ይችላል ወይ? የምርጫ ፈተናው ይህን አይጠይቅም፤ ስለዚህ አያውቅም።

ይህ ልዩነት አዲስ አይደለም። ሆላንዳውያኑ ባልና ሚስት ፒየር ቫን ሂሌና ዲና ቫን ሂሌ-ጌልዶፍ በ1957 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ባቀረቧቸው የዶክትሬት ሥራዎች፣ የጂኦሜትሪ አስተሳሰብ ቅርጽን በዓይን ከመለየት ተነሥቶ ባሕርያትን ወደ መተንተንና ወደ ማረጋገጥ በደረጃ እንደሚያድግ አስረድተዋል። ብዙዎቻችን የምንዋሰው መመዘኛ ደግሞ በ1982 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ባለ 25 ጥያቄ የምርጫ ፈተና ነው። ጥያቄዎቹ በአብዛኛው በሦስት ማዕዘንና በአራት ማዕዘን ላይ ያተኮሩ ናቸው። ፈተናውን ተርጉሞ «የክብ መረዳት መመዘኛ» ማለት ስሙን ከመለወጥ ያለፈ ሥራ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የቋንቋው ጉዳይ ነው። በኦሮሚያ ክልል የትምህርቱ ቋንቋ እስከ 8ኛ ክፍል በዋናነት አፋን ኦሮሞ ነው፤ በከተሞቹ በአማርኛ የሚማሩም አሉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይማራል። በአዲስ አበባ ደግሞ እንግሊዝኛ ከ7ኛ ክፍል ሲጀምር ቆይቷል፤ ከዚያ ወደ ዳርቻዎቹ ከተሞች የሚዘዋወር ቤተሰብም ብዙ ነው። ስለዚህ በቡራዩ አንድ የ9ኛ ክፍል ውስጥ ክብን «ጌንጎ» ብላ የተማረች፣ «ክብ» ብሎ የተማረና «ሰርክል» ያለ ልጅ በአንድ ወንበር ሊቀመጡ ይችላሉ። አውታር ምን እንደሆነ ጠንቅቃ የምታውቅ ልጅ «ኮርድ» የሚለውን ቃል ስታይ ብትቸገር፣ ፈተናችን የጂኦሜትሪ ድክመት አድርጎ ይመዘግባታል። ውጤቱም በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ብቻ አይቀርም፤ መምህሩ «መሠረት የላቸውም» ብሎ ወደ ቀመር ሽምደዳ እንዲመለስ ምክንያት ይሆነዋል።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? ለምሳሌ የተሰበረ ምጣድ ገል፣ ከጠርዙ ጥቂት ቅስት ብቻ የቀረው፣ ለተማሪው እንስጠው። «በዚያው ምድጃ ላይ የሚገጥም ሌላ ምጣድ ለመግዛት የሙሉውን ምጣድ ስፋት እንዴት ታገኛለህ? በምትፈልገው ቋንቋ አስረዳ።» ምጣድ ያልን እንደሆነ፣ ኤሌ ያልን እንደሆነ፣ ዕቃው በየቤቱ አለ። አንዱ በግምት ክቡን ዞሮ ይስላል። ሌላው በጠርዙ ላይ ሁለት አውታሮች ስቦ እያንዳንዱን ከመካከል በቀጤ ነክ መስመር ይከፍላል፤ መስመሮቹ የሚገናኙበትንም ማዕከል ይላል። ሦስተኛዋ ይህንኑ አድርጋ፣ ከሁለቱ የአውታር ጫፎች እኩል የራቀ ነጥብ ሁሉ በዚያ መስመር ላይ መሆኑን ታክላለች። ሦስቱ በሦስት የተለያዩ ደረጃዎች ላይ እንዳሉ ለማየት ስታቲስቲክስ አያስፈልግም።

እንዲህ ያለውን መልስ ማረም አድካሚ ነው፤ የአራሚዎች ፍርድም ይለያያል የሚለው ተቃውሞ ትክክል ነው። ነገር ግን ሦስት ወይም አራት ጥያቄ በቂ ነው፤ ሁለት አራሚ ለየብቻ አርመው የተስማሙበትን መጠን መዘገብም የቆየ ልማድ ነው። ሌላው ተቃውሞ፣ መጨረሻው ብሔራዊ ፈተና የምርጫ ስለሆነ ተማሪውን ለዚያ ማዘጋጀት ይሻላል የሚል ነው። በ12ኛ ክፍል ፈተና ከግማሽ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚህ ቁጥሮች ስንት ተማሪ እንደወደቀ ይነግሩናል፤ ሐሳቡ የተበጠሰው በ7ኛ ክፍል ይሁን በ9ኛ፣ በክቡ ይሁን በቋንቋው፣ አይነግሩንም። ያንን ማወቅ የእኛ የተመራማሪዎች ድርሻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ። ፈተናዎቻችን በሥዕል ላይ ስለሚመሠረቱ፣ ዓይነ ስውር ተማሪዎችን ከናሙናው በዝምታ እናወጣቸዋለን። ችንካር ተክሎ፣ ገመድ አስሮ፣ ገመዱን ወጥሮ የዞረ ልጅ ግን ክብ ከአንድ ነጥብ እኩል የራቁ ነጥቦች ስብስብ መሆኑን በእጁ ነክቶታል። ትርጉሙን በቃል እንዲነግረን መጠየቅ ወረቀትም አይፈልግም።