ከጢሱ በኋላ የሚመጣው ረኀብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደችኝ ባለፈው ታኅሣሥ ከአፌ የወጣች አንዲት ቃል ናት። ጾመ ነቢያት ነበር። ለጥምቀት በዓል የዝማሬ ልብሳችንን ስንለካ የአንድ ወንድማችን ልብስ ትከሻው ላይ ተወጥሮ፣ ሆዱ ላይ ጠብቦት አየሁና «ምነው ወንድሜ፣ ጾሙ ላንተ ብቻ ፍስክ ሆነልህ እንዴ?» አልሁት። በዚያ የነበሩት ሁሉ ሣቁ። እርሱም ሣቀ። ከዚያች ቀን በኋላ ግን ወደ ጥናት አልመጣም፤ ጥምቀትንም ያለ እርሱ ዘመርን።

በጥር ወር መጨረሻ በአንድ የመንገድ ዳር ጀበና ቡና ተቀምጦ አገኘሁት። በጣቶቹ መካከል ሲጋራ ነበር፤ ሊደብቀውም አልሞከረም። አጠገቡ ስቀመጥ ከሰላምታ አስቀድሞ የተናገረኝን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ዲያቆን፣ ስድስት ዓመት ሳጨስ ከእናንተ አንድ ሰው አላወቀብኝም። አምስት ወር ስተው ግን ሁላችሁም አያችሁኝ» አለኝ።

ለካ ወንድማችን በፈተና ሌሊቶች ግቢ ውስጥ የጀመረውን ሲጋራ በሐምሌ ወር በንስሐ አባቱ ፊት ተናዝዞ ጥሎት ኖሯል። በልብሱ ላይ አይቼ የሣቅሁበት ነገር ሆዳምነቱ ሳይሆን የንስሐው ዋጋ ነበር። ሳላውቅ ተናገርሁ ብዬ ራሴን ላጽናና እችል ነበር፤ ዳሩ ግን ሳያውቁ በሰው ሥጋ ላይ መፍረድ ምን ዓይነት ማመካኛ ይሆናል? ይህን እንድጽፍ እርሱ ራሱ ፈቅዶልኛል።

ቤተ ክርስቲያናችን ትንባሆን እንደምታወግዝ ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዘመነ መንግሥታቸው ትንባሆን በጽኑ ቅጣት ከልክለው እንደ ነበር ታሪክ ያስታውሳል። በእኛም ዘመን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትንባሆ እንዳይሸጥ ደንግጓል። ለሚያጨስ ሰው የተዘጋጀ ተግሣጽ አላነሰንም። ላቆመው ሰው ግን በማግሥቱ ምን እንደሚጠብቀው የሚነግረው ማን ነው? «ጣለው፣ ተገላገልህ» ብለን እንሸኘዋለን። እርሱ ግን ከሳምንት በኋላ በእኩለ ሌሊት ከመኝታው ተነሥቶ መሶብ ይከፍታል፤ ከሁለት ወር በኋላ ሱሪው አልዘጋ ይለዋል፤ ከዚያም «ንስሐዬ አልተቀበለልኝም ይሆን?» ብሎ በልቡ ይጠራጠራል።

ስለዚህ በሥጋው ላይ የሚሆነውን አስቀድመን እንወቅ። በትንባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን የምግብ ፍላጎትን ያፍናል፤ ሰውነትም ከተፈጥሮ ልኩ ጥቂት በላቀ ፍጥነት ኃይል እንዲያቃጥል ያደርገዋል። ሲጋራው ሲቆም የታፈነው ረኀብ ይነቃል፤ ሰውነትም ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለሳል። በጢስ የደነዘዙት ምላስና አፍንጫ ይታደሳሉ፤ ለዓመታት ጣዕሙ ያልተለየ ሽሮ እንኳ እንደ ድግስ ወጥ ይጣፍጣል። በዚህ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲመላለሱ የኖሩት እጅና አፍ ሥራ ፈትተው ሌላ ነገር ይሻሉ። ያቆሙ ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም የሚጨምሩት፣ ከዚህም የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የሚመጣው ስለዚህ ነው። ምንም የማይጨምር አለ፤ ከ10 ኪሎ የሚያልፍም አለ። በአንጻሩ ሲጋራ ካቆመ አንድ ዓመት የሞላው ሰው በማጨሱ ምክንያት የተጨመረበት የልብ ደም ሥር ሕመም ሥጋት በግማሽ ያህል ይቀንስለታል። እነዚያ 5 ኪሎዎች ይህን ትርፍ አያጠፉትም። ክብደቴን ልቀንስ ብሎ ወደ ሲጋራ መመለስ ቤቱ ጠበበኝ ብሎ በእሳት እንደ ማቃጠል ነው።

«ሱስን በሱስ ለወጠ እንጂ ምን ተወ?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ከእነርሱ ጋር አልስማማም። እርግጥ ነው፣ ስስት በአበው ትምህርት ከክፉ ጾሮች አንዱ ነው፤ ይህን ላቃልል አልፈልግም። ነገር ግን ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 16ን እናስታውስ። እስራኤል ባሕሩን ተሻግረዋል፤ ፈርዖን ከኋላቸው ሰጥሟል፤ ይሁን እንጂ ሆዳቸው የግብፅን የሥጋ ምንቸት ያስብ ነበር። መራባቸው ከግብፅ እንዳልወጡ አያስረዳም፤ በምድረ በዳ እንዳሉ እንጂ። እግዚአብሔርም ረኀባቸውን ኃጢአት ብሎ አልቈጠረባቸውም፤ ይልቁንም መና አወረደላቸው። መናው ግን ልክ ነበረው፤ ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር፣ ለአንድ ቀን ብቻ። ለነገ ብሎ ያስተረፈው ተላበት። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 የተቈጡበት ምክንያት ሌላ ነው፤ በዚያ ዱባውን፣ ሽንኩርቱንና ዓሣውን እያነሡ ከግብፅ መውጣታቸውን ራሱን ረገሙ። በእኔ ማስተዋል ባቆመ ሰው ሕይወትም ልዩነቱ ያለው በዚሁ ላይ ነው። መራብ ከመንገዱ ጋር የሚመጣ ነው፤ «ባላቆምሁ ይሻለኝ ነበር» ማለት ግን ፊትን ወደ ግብፅ ማዞር ነው።

አሁን ቃሌን ወዳንተ ልመልስ፤ በቅርቡ ያቆምህ ወንድሜ፣ ያቆምሽም እኅቴ ሆይ። (እኅቶቻችን የሚያጨሱት ይበልጥ በስውር ነውና ሲያቆሙም የሚያውቅላቸው የለም። ሰውነታቸው ሲጨምር ግን አስተያየት የማይሰጥ ሰው አይገኝም።)

ሐራራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበረታል፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ እየቀለለ ይሄዳል። አንዱ ሐራራ ብቻውን ሲመጣ የማያልፍ ይመስላል እንጂ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። በመቁጠሪያ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ለማለት የሚፈጀውም በግምት ይህንኑ ያህል ነው። ይህን ስል ጸሎትን እንደ ክኒን ዋጠው ማለቴ አይደለም፤ ማዕበሉ በሚያልፍባት በዚያች አጭር ጊዜ እጅህ መቁጠሪያ ይዞ፣ አፍህም ስሙን ጠርቶ እንዲቆይ ነው። ስግደትም እንዲሁ ነው። ጧትና ማታ በአቅምህ ስትሰግድ ነፍስህ ትጸልያለች፤ ሥጋህም ከተቀመጠበት ይነሣል። ከዚያ በተረፈ በእግር ሂድ። ሁለት ፌርማታ አስቀድሞ ከታክሲ መውረድ እንኳ ቀላል አይደለም።

ከሱቅ በደረቴው ልጅ ዘንድ ሲጋራው፣ ማስቲካውና ከረሜላው ጎን ለጎን ተደርድረዋል። እጅህ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ስንዝር አይፈጅባትም፤ ብዙዎች የሚወፍሩትም በዚህች ስንዝር ነው። አፍህ ሥራ ከፈለገ ከመንገድ ዳር መፋቂያ ግዛ። የምቀልድ አይምሰልህ፤ ያ ወንድማችን ከሁሉ ይልቅ የጠቀመችው የወይራ መፋቂያ እንደ ሆነች ነግሮኛል፤ በጣት ትያዛለች፣ ከአፍ ትገባለች፣ ከኪስም አትጠፋም። ጥቂት ቆሎ በኪስ መያዝም መልካም ነው፤ «ጥቂት» የምትለዋን ቃል ሳትረሳ።

ስለ ቡና ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የትንባሆ ጢስ ጉበታችን የቡናውን አነቃቂ ንጥረ ነገር በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ሲጋራው ሲቆም ያ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ስለዚህ የለመድኸው አቦል፣ ቶናና በረካ ከቀድሞው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ በደምህ ውስጥ ይቆያል። ልብህ ሲመታ፣ እጅህ ሲንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍህ ሲጠፋ ሐራራ ነው ትላለህ፤ ምናልባት ግን ሦስተኛዋ ሲኒ ትሆናለች። ቡናና ሲጋራ አብረው የኖሩ ጓደኛሞች ስለ ሆኑም አንዱ ሲታይ ሌላው መታሰቡ አይቀርም። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአቦል ብቻ መነሣት ነውር የለበትም፤ እናትህ ብትቆጣም ምክንያቱን ንገራት።

ወደ ጾሙ እንምጣ፤ በዚህ ላይ ጠንከር ያለ አሳብ አለኝ። ከወፈሩ በኋላ የሚደነግጡ አንዳንድ ወጣቶች በራሳቸው ፈቃድ ጾማቸውን ያከብዳሉ፤ እስከ ማታ እህል ሳይቀምሱ ይውሉና በአንድ ማዕድ የሁለት ቀን ይበላሉ። ወገብን ለማቅጠን የተጾመ ጾም ስሙ ሌላ ነው። በዚያም ላይ ባዶ ሆድ ሐራራን ያባብሳል እንጂ አያበርደውም፤ ገና በሁለተኛው ሳምንት ላይ ያለ ሰው ሁለት ጦርነት በአንድ ቀን ባይከፍት ይሻለዋል። ይህ ማለት ረቡዕና ዓርብን ተው ማለት አይደለም። የጾሙን ሰዓትና መጠን ከንስሐ አባትህ ጋር ተማከር፤ እርሱ አቅምህን ያውቃል፤ አንተ በራስህ ላይ ስትፈርድ ግን ወይ ትጨክናለህ ወይ ታባብላለህ። በሌላ በኩል «የጾም ነው» የሚለው ቃል ስንቱን እንዳወፈረ ልብ በሉ። ሳምቡሳው፣ ቦምቦሊኖው፣ ለስላሳው ሁሉ ሥጋና ወተት የለባቸውም፤ ዘይቱና ስኳሩ ግን አለ። ቅዳሴ ወጥተን ከደጁ ሳንርቅ ሦስት ቦምቦሊኖ የምንበላ እኛ ስለ ሌላው ውፍረት የምንናገርበት አንደበት ከወዴት አገኘን?

ወደ ሐኪም መሄድም የእምነት ማነስ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር የሚያዝዘን ሐኪሙንም የፈጠረው እግዚአብሔር ስለ ሆነ ነው። ሐራራን የሚያስታግሡ መድኃኒቶች አሉ፤ በተለይም የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ክብደቱ ሲጨምር ዝም ብሎ ሊቀመጥ አይገባውም። ጠበሉንም ጠጣ፣ ምርመራውንም ተመርመር።

ለእኛ ለቀረነው ደግሞ ይህን ልበል። በአያቶቻችን ዘመን «ወፈርህ» ማለት «ተመችቶሃል፣ ተመስገን» ማለት ነበር። ዛሬ ስድብ ሆኗል፤ በጾም ወቅት ደግሞ ክስ ይሆናል። ቀልድ ነው ብለን እንናገረዋለን፤ የሚሰማው ሰው ግን ከምን ጋር ሲታገል እንዳደረ አናውቅም። የጓደኛችን ሰውነት ሲከሳ «ምን ሆነህ ነው?» ብለን እንጨነቃለን፤ ሲጨምር ግን እንሥቃለን። በሁለቱም ጊዜ ዝም ብለን ስለ ደኅንነቱ ብንጠይቀው ምን ይጎድልብን ነበር? ሌላም አለ፤ ያቆመ ሰው ተመልሶ ሲያጨስ ብናይ «አላልሁም?» የምንል ሰዎች ነን። አብዛኛው ሰው ፈጽሞ እስኪያቆም ድረስ ከአንድ ጊዜ በላይ እንደሚሞክር ብናውቅ ኖሮ ውድቀቱን እንደ መጨረሻ አንቈጥረውም ነበር።

ወንድማችን በዐቢይ ጾም መግቢያ ዳግመኛ አቆመ። እኔም በጀበና ቡናው ዘንድ ብቻ ሳይሆን በዚያች ቀን በሣቁት ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ምክንያቱን ግን ምስጢሩ ነበርና አልተናገርሁም። ክብደቱ አሁንም አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጥቂት ሳይጨምር አልቀረም። ለትንሣኤ ሌሊት ልብስ ስንለካ ያው ልብስ ያው ትከሻ ላይ ተወጠረ፤ ክፍሉም ለአፍታ ጸጥ አለ። የአልባሳት ክፍሏ ኃላፊ እኅታችን ልብሱን ተቀበለችውና የግራና የቀኙን ስፌት ፈትታ ሁለት ሁለት ጣት ለቀቀችለት። አንዲትም ቃል አልተናገረችም። በዚያች ሌሊት ከእኔ በስተ ቀኝ ቆሞ ዘመረ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።