ሮኬቱን ለማየት እንጦጦ የወጡት

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ መኪኖች የእንጦጦን ዳገት ተያይዘውት ነበር። የተሳፈሩት የኢትዮጵያና የቻይና ባለሥልጣናትና ሳይንቲስቶች ናቸው። መድረሻቸው ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ኦብዘርቫቶሪ ነው፤ የሚሄዱት ደግሞ የአገሪቱን የመጀመሪያ ሳተላይት ተሸክሞ የሚነሳውን ሮኬት ለማየት። ሮኬቱ ግን የሚነሳው ከእንጦጦ አይደለም፤ ቻይና፣ ሻንሺ ግዛት፣ ታይዩዋን ከሚባለው ማስወንጨፊያ ነው። ስለዚህ ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው ያዩት ስክሪን ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ22 ላይ «ሎንግ ማርች 4ቢ» ተነሳ።

«ቴሌቪዥን ለማየት እንጦጦ ድረስ ምን አስኬዳቸው?» ብሎ መቀለድ ቀላል ነው። ቀልዱ ግን የጉዳዩን ዋና ነገር ይስተዋል። ሮኬት ጭነቱን አድርሶ የሚያበቃለት ነገር ነው። በዚያ ቀን ጭነት ውስጥ ደግሞ ዋናው ተሳፋሪ 1.7 ቶን የሚመዝን የቻይናና የብራዚል የጋራ ሳተላይት ነበር። የኢትዮጵያዋ ETRSS-1 ሳትባል በአማርኛ «ኢቲአርኤስኤስ 1» እንበላት፣ 70 ኪሎ ገደማ ናት፤ በትርፍ ወንበር ሄደች ማለት ይቻላል። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ አቅማቸው አነስተኛ የሆኑ አገሮች ሁሉ የሚሄዱት እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ የሆነው ነገር ያለው ተራራው ላይ ነው። ሳተላይቷ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስታልፍ ያነሳችውን ምስል የሚቀበለው ጣቢያ እንጦጦ ላይ ነው የተተከለው።

ያኔ የተነሳው ክርክር ግን ሌላ ነበር። አንዱ ወገን «እርዳታ ስንዴ የሚጠብቅ አገር ሳተላይት ምን ያደርግለታል?» ይላል፤ ሌላው «ታሪክ ተሠራ» ብሎ ባንዲራ ያውለበልባል። ሁለቱም ያዩት ያችን ማለዳ ብቻ ነው። ወጪው ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 6 ሚሊዮኑን የሸፈነችው ቻይና ናት። ይህ አገር የሚያስርብ ገንዘብ አይደለም። ቅንጦትም አልነበረም፤ በእነዚያው ሳምንታት በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ የበረሃ አንበጣ የገበሬውን ማሳ እያወደመ ነበር። ሳተላይት አንበጣ አይቆጥርም። ከዝናብ በኋላ የትኛው ደረቅ መሬት እንደለመለመ ግን ያሳያል፤ አንበጣ የሚራባው ደግሞ እዚያ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። የአሜሪካው «ላንድሳት» ምስሎች ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይገኛሉ። የአውሮፓው «ሴንቲኔል 2» ደግሞ በ10 ሜትር ጥራት፣ በየጥቂት ቀኑ፣ ያለ ሳንቲም ክፍያ። ታዲያ ኢትዮጵያ የገዛችው ምንድን ነው? ምስል ብቻ ከሆነ የገዛችው በነፃ የሚታደል ነገር ነው። በሥራው ላይ ከቻይናውያኑ ጋር ተሳትፈው የተማሩት ወጣት መሐንዲሶች ግን በነፃ አይታደሉም። የልፋቱ ትልቁ ትርፍ እነሱ ናቸው። እነሱን በመንግሥት ደመወዝ እዚያ ተራራ ላይ ማቆየት ደግሞ ሮኬት ከማስነሳት ይከብዳል፤ ለዚህ ማንም ሪባን አይቆርጥም፣ ንግግርም አያደርግም።

ሳተላይቷ የተሠራችው ለሁለት ዓመት አገልግሎት ነበር። ሁለተኛዋና አነስተኛዋ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ከቻይናው ዌንቻንግ ተነሳች፤ እሷም ዜና ሆነች። የተነሱበትን ቀን ዜና የሚከታተል ሁሉ ያስታውሳል። ስንት ምስል እንደወረደ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት ለምን እንደተጠቀመበት፣ አንድ የወረዳ ግብርና ባለሙያ ቢፈልግ ከየት እንደሚያገኘው ስንቱ ያውቃል? በ2014 ዓ.ም. የስፔስ ሳይንሱ ተቋም ከካርታ ሥራው ተቋም ጋር ተዋህዶ አንድ ኢንስቲትዩት ሆኗል። በወረቀት ደረጃ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ምስል የሚቀበለውና ካርታ የሚሠራው አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። የሚቀረው በር መክፈት ነው።

አርአያ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በዚያው ሮኬት የተሳፈረው ጎረቤት አለ። ብራዚል ከቻይና ጋር የሠራቻቸውን ሳተላይቶች ምስል ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት በነፃ ትለቃለች። ተማሪው ያወርዳል፣ ጋዜጠኛው ያወርዳል፣ የአማዞንን ደን ማን እንደጨፈጨፈ የሚከታተለውም ያወርዳል። መንግሥትን የማያስደስት ምስልም አብሮ ይወጣል። ሦስተኛ ሳተላይት ለማምጠቅ ገንዘብ የሚጠየቅ ከሆነ፣ ከጥያቄው በፊት የሁለቱ ምስሎች ማኅደር ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ። ለዚህ ሮኬት አያስፈልግም፤ አንድ ሰርቨርና አንድ ፊርማ ይበቃል።