የአባት ሣጥን ለማን ይቀራል?

የተወደዳችሁ እኅቶቼ፣ ለዛሬው ጽሑፌ ምክንያት የሆነኝ በሪያድ ከምትሠራ አንዲት እኅታችሁ የደረሰኝ መልእክት ነው። ስሟን ትቼ ሐሳቧን ላካፍላችሁ።

«አባቴ ይፍቱኝ። ወላጅ አባቴ በወሎ በአንዲት ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፎቶ ቤት ነበረው። ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። የቤቱን ኪራይ እስከ ዛሬ ከደመወዜ የምልከው እኔ ነኝ። አሁን ወንድሞቼ ደውለው ‹ቤቱን እንልቀቅ፤ በየሣጥኑ የታጨቀውን ኔጋቲቭ እንጣለው ወይስ እናቃጥለው? አንቺ እኮ ለቆሻሻ ኪራይ እየከፈልሽ ነው› አሉኝ። ጣሉት ለማለት አፌ እንቢ አለኝ። ግን እስከ መቼ ልክፈል? ምን ልበላቸው?»

ልጄ፣ አፍሽ እንቢ ያለው በምክንያት ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከብዙ ዓመት በፊት አገለግልበት በነበረ ከተማ አንድ አዛውንት ፎቶ አንሺ ዐረፉ። ፍትሐታቸውን ያደረስነው እኛ ነበርን። አርባቸው ከወጣ በኋላ ልጆቻቸው ካሜራውን ሸጡ፤ መብራቱንና ፏፏቴ የተሣለበትን መጋረጃ ለሌላ ፎቶ ቤት ሰጡ። በጫማ ካርቶን የተቀመጠውን ኔጋቲቭ ግን ጓሮ አውጥተው አቃጠሉት። ክፋት አልነበረባቸውም። የሚገዛው የለም፤ ቤቱም ይፈለጋል።

ዓመት ሳይሞላ አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው ወደ ዓረብ ሀገር ልትሄድ ስትል ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶ የተነሣችው እዚያ ቤት ነበር። ልጅቱ በሰው ሀገር ቀረች። እናቲቱ ዘንድ አንድም ፎቶዋ የለም። የፎቶ ቤቱ መዝገብ ተፈልጎ ተገኘ። ስሟ፣ ቀኑና የኔጋቲቩ ቁጥር በደንብ ተጽፎበታል። ቁጥሩ አለ፤ ፊልሙ የለም። እናቲቱ ማንበብ አይችሉም ነበርና በመዝገቡ ላይ ያለውን የልጃቸውን ስም በጣታቸው እየዳበሱ «እዚህ ላይ ናት?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ገብቶኛል። ኔጋቲቩ የፎቶ አንሺው የእጁ ሥራ ነው፤ በውስጡ ያለው ግን የሌላ ሰው ፊት ነው። ስለዚህ የፎቶ አንሺ ልጆች የሚወርሱት ንብረት ብቻ ሳይሆን አደራም ነው። የታተመው ፎቶ ቢቀደድ ወይም ቢጠፋ ኔጋቲቩ ካለ እንደገና ይታተማል። ሁለቱም ከጠፉ ግን መመለሻ የለውም።

በሀገራችን የቆዩ ፎቶዎች ለዛሬ የደረሱት ተረካቢ ስላገኙ ነው። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ሙያውን ያዙ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ አንሺ የነበሩት የአቶ ሽመልስ ደስታ ሥራዎች ደግሞ ንጉሡ ከወረዱ ከ33 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ በስደት ይኖሩባት በነበረችው በለንደን ለሕዝብ ታዩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ብዙ የቆዩ ፎቶዎችን ሰብስቦ ይዟል። እነዚህ የነገሥታትና የመኳንንት ፎቶዎች ናቸው። የአባትሽ ሣጥን ግን የገበሬውን፣ የነጋዴውን፣ የሙሽሮችን፣ የተማሪውን መልክ የያዘ ነው። እርሱን የሚፈልግለት የገዛ ወገኑ ብቻ ነው።

የእናንተኑ ሥራ ትሠራ የነበረች የአንዲት ሴት ታሪክ ደግሞ ልጨምር። ቪቪያን ማየር ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1926 በኒው ዮርክ ተወልዳ በቺካጎ 40 ዓመት ያህል በሞግዚትነት የሰው ልጅ አሳደገች። ካሜራዋ ከአንገቷ አይወርድም ነበር፤ ከ100 ሺህ በላይ ፎቶ አንሥታለች። አብዛኛውን ለማንም አላሳየችም፤ ሳይታጠብ የቀረ ፊልምም ብዙ ነበር። ዕቃዋን በኪራይ መጋዘን አስቀምጣ ኖራ በስተርጅና ኪራዩን መክፈል ስላቃታት እ.ኤ.አ. በ2007 በጨረታ ተሸጠ። ጆን ማሉፍ የተባለ ወጣት 30 ሺህ ያህል ኔጋቲቭ በ400 ዶላር ገደማ ገዛ። ስሟን ይዞ ሲፈልግ ያገኘው የሞቷን ማስታወቂያ ነው፤ ሚያዝያ 2009 እ.ኤ.አ. ዐርፋ ነበር። ዛሬ ሥራዎቿ በዓለም ይታያሉ። እርሷ ግን አላየችውም። ኑዛዜም ልጅም ስላልነበራት «ፊልሙ የገዢው ቢሆንም አትሞ የመሸጥ መብቱ የወራሽ ነው» የሚል ክርክር ተነሥቶ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ።

እኅቶቼ ልብ በሉ። የዚያች ሴት የዕድሜ ልክ ሥራ ለባዕድ የተላለፈው በኪራይ ዕዳ ነው። «ይህን ለእገሌ ስጡልኝ» የሚል አንዲት ወረቀት ቢኖር ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ ለወንድሞችሽ እንዲህ በያቸው።

ቤቱን ልቀቁ፤ ሣጥኑን ግን አትጣሉ። የአንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ተቆርጦ በአንዲት ፖስታ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ሙሉ ክፍል አያስፈልግም፤ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ መደርደሪያ ይበቃዋል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥርና ከማድቤት ይራቅ። በፌስታል አይታሰር፤ በወረቀት ፖስታ ይሁን። የኮምጣጤ ሽታ የሚሸት ፊልም ካለ መበላሸት ጀምሯልና ለብቻው ይቀመጥ፤ እርሱን አስቀድማችሁ ቅዱት።

መዝገቡን ከሣጥኑ አትለዩት። ቁጥር ያለ ፊልም፣ ፊልም ያለ ቁጥር ምን እንደሚሆን ከላይ አይተሻል።

በእድር ስብሰባ ያስነግሩ፦ «በአባታችን ፎቶ ቤት የተነሣችሁ፣ ኔጋቲቫችሁን ውሰዱ» ይበሉ። ሁሉም አይመጣም፤ ልጁ የሞተበት ግን ይመጣል። ለማየት ኔጋቲቩን ከነጭ ብርሃን ፊት ይዞ በስልክ ማንሣትና ቀለሙን በስልኩ መገልበጥ ይቻላል። ባለቤት ያልተገኘለትን በአቅራቢያ ያለ ቤተ መጻሕፍት ወይም የባህል ጽሕፈት ቤት ይረከብ እንደ ሆነ ይጠይቁ፤ ከተረከበም በጽሑፍ ይፈራረሙ። አንቺም ለኪራይ ትልኪው ከነበረው የአንድ ወሩን ለፖስታና ለመደርደሪያ ላኪ፤ የቀረውን ለራስሽ አስቀምጪ። አባትሽም ከዚህ በላይ አይጠይቅሽም።

በአብነት ትምህርት ቤት ሳለን የኔታ የብራና መጽሐፍ ሲያሳዩን የጸሐፊውን፣ ያጻፈውን ሰውና የተሰጠበትን ደብር ስም እንድናነብ ያደርጉን ነበር። መጽሐፉ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም የማን እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚያች ጽሑፍ ነው። ፎቶም እንዲሁ ነው። ከጀርባው በእርሳስ ስም፣ ቦታና ዓመተ ምሕረት ካልተጻፈበት የሚያውቀው ሰው ሲሞት አብሮ ይሞታል።

ይህ ለፎቶ ቤት ልጆች ብቻ የተነገረ አይደለም። እያንዳንዳችሁ ዛሬ በስልካችሁ ፎቶ ታነሣላችሁ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 በሪያድ መንፉሃ የሆነውን የምታስታውሱ አላችሁ። በዚያን ጊዜና በተከታዩ ዓመት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ወደ ሀገር ተመለሱ፤ ዕቃውን ትቶ የወጣው ብዙ ነው። ስልክ ይጠፋል፣ ይቀማል፣ ይሰበራል። ባለቤቱ ከሞተም የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ስለሌለ ፎቶው እዚያው ተዘግቶ ይቀራል። ስለዚህ የምታምኗትን አንዲት እኅት ምረጡና የይለፍ ቃሉን አደራ ስጡ። የአሠሪዎቻችሁን ቤተሰብ ግን በስልካችሁ አታንሡ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሳዑዲ ሕግ በካሜራ ስልክ የሰውን ገመና የነካን እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 500 ሺህ ሪያል ይቀጣል።

ዛሬ ማታ ሥራ ሲያበቃ ፊታችሁ በደንብ የሚታይበትን አንዲት ፎቶ መርጣችሁ ወደ ቤት ላኩ። ወንድማችሁ ፎቶ ቤት ወስዶ ያሳትማት፤ ከጀርባዋ ስማችሁን፣ «ሪያድ» የሚለውንና ዓመተ ምሕረቱን ይጻፍባት። እናታችሁ ማንበብ ባይችሉም ፊታችሁን ያውቁታል።