ሰንሰለቱ ይፈታ፣ ገመዱ ይያዝ

በአዲስ አበባ በሮች ላይ ደጋግሞ የሚነበብ አንድ አጭር ጽሑፍ አለ፤ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ይላል። ለአላፊ አግዳሚው ማስጠንቀቂያ ይመስላል። ለእኔ ግን የቤቱ ጌታ ሳይጠየቅ የሚሰጠው ኑዛዜ ነው። «በዚህ ግቢ አንድ ፍጡር ቀኑን ሙሉ ታስሮ ይውላል፤ ከቤተሰቡ በቀር ሰው አያውቅም፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ዓለም ሁሉ ለእርሱ ጠላት ነው» ማለቱ ነው። ይህ ኃይለኛነት ከእናቱ ማኅፀን የወጣ እንዳይመስላችሁ። እኛው በሁለት ክንድ ሰንሰለት ቀጥቅጠን የሠራነው ነው።

ክርክሬ አጭር ነው። ውሻ የሚያሳድግ የከተማ ሰው ውሻውን አስከትቦ፣ ገመዱን በእጁ ይዞ፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ በእግሩ ሊያንሸራሽረው ይገባል። ለዚህ ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ውሻ ማሳደጉን ይተወው፤ ለአጥሩ ጥሩ ቁልፍ ይግዛለት።

«ይህማ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» የሚል ድምፅ ከወዲሁ ይሰማኛል። እስቲ እንመርምረው። የደጋው እረኛ ውሻውን አስከትሎ ከብት ሲያሰማራ ከየትኛው ፈረንጅ ተማረ? በአገራችን ገጠር ውሻ ከጌታው ኋላ ኋላ እየተከተለ ሜዳውንና ገደሉን ሲያቋርጥ የኖረ እንስሳ ነው። አዲሱ ነገር የቆርቆሮ አጥሩና ሰንሰለቱ ነው። ከተሜው ራሱ በቅርቡ ያመጣውን እስራት «ባህላችን» ብሎ፣ የአያቶቹን ጉዞ ደግሞ «ቅብጠት» ብሎ ሲጠራ ከመስማት የበለጠ ምን የሚያስቅ ነገር አለ?

የመጻሕፍት ወዳጅ የሆነ አንባቢ ደግሞ መጽሐፈ ጦቢትን ያስታውስ። ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ለረጅም ጉዞ ሲነሣ ውሻው አብሮት ይሄዳል፤ ሲመለስም አብሮት ነው። ውሻው በታሪኩ ውስጥ አንዳች ተአምር አይሠራም፤ መንገደኛ ብቻ ነው። በቅዱስ ቁርኣንም በሱረቱል ካህፍ የዋሻውን ወጣቶች ያጀበ ውሻ አለ፤ እግሮቹን በዋሻው ደጃፍ ዘርግቶ ተኝቷል። የሁለቱም ሃይማኖቶች ሥርዓት ውሻን ከመቅደስና ከመስጊድ ያርቀዋል፤ ይህ መከበር አለበት። ከመቅደስ መራቅና ከመንገድ መከልከል ግን ለየቅል ናቸው። ሁለቱም መጻሕፍት ውሻውን ያስቀመጡት ከሰው አጠገብ ነው፤ አንዱ በመንገድ ላይ፣ ሌላው በደጃፍ፤ በሰንሰለት ያሰረው ግን የለም።

ወዴት እንሂድ ለሚል ሰው አዲስ አበባ የታደለች ከተማ ናት። በስተሰሜን ከሽሮ ሜዳ በላይ እንጦጦ አለ፤ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር የምኒልክ መናገሻ የነበረው፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚልቀው ተራራ። ባሕር ዛፉ መካከል ያለው ቀጭን መንገድ ለሰውም ለውሻም ሳንባ ይበቃል። ከተራራው ጀርባ የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል፤ በመስከረም ክረምቱ ሲወጣ አረንጓዴው ላይ ቢጫው ፈስሶበት ማየት ዓይን ያጠግባል። በምሥራቅ የየካ ኮረብታ፣ በምዕራብ በአምቦ መንገድ ገፈርሳ፣ አለፍ ሲሉም የወጨጫ ተራራ አለ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክን የመሳሰሉ የታጠሩ ስፍራዎች የየራሳቸው ደንብ አላቸውና በር ላይ ጠይቆ መግባት ነው። ክፍቱ መንገድ ግን ሰፊ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልለፍ፤ እርሱም ፍርሃት ነው። ይህን ፍርሃት «ኋላ ቀርነት» እያሉ የሚያናንቁ የውሻ ወዳጆች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳን የማይታሰብ ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ወደ ሰው ከሚተላለፈው የዚህ በሽታ ሕመም እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ አማካይነት የሚመጣ ነው። በከተማችን «ፓስተር» የሚለው የሰፈር ስም ከተነከሰ ሰውና ከመርፌ ትዝታ ጋር ተቆራኝቶ የኖረው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ውሻ ሲያይ መንገድ የሚቀይር ሰው ፍርሃቱ ከእውነት የተወለደ ነው።

ነገር ግን ከዚህ እውነት የሚከተለው መደምደሚያ ምንድን ነው? ውሻውን እሰሩት ነውን? የታሰረ ውሻ ሰንሰለቱን የበጠሰ ዕለት ምን እንደሚያደርግ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ወይስ በየጊዜው እንደተደረገው የጎዳናውን ውሻ በመርዝ ፍጁት ነውን? ያው ድርጅት የሚመክረው ሌላ ነው፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል፤ በጅምላ መግደል ግን በሽታውን አያቆመውም። እንግዲህ መበጠስ ያለበት ሰንሰለት የትኛው እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። በየጊዜው የሚከተብ፣ ከቡችላነቱ ጀምሮ ሰው፣ በግና አህያ እያየ ያደገ ውሻ ለጎረቤቱ ከታሰረው ይልቅ የታመነ ነው።

አሁን ደግሞ በትሬን ወደ ራሳችን ወገን ላዙር። እንጦጦ ለእኛ ሽርሽር ቢሆንም ለሌላው እንጀራ ነው። ከራሷ የሚገዝፍ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባዋ ተሸክማ፣ ጎንበስ ብላ ቁልቁል የምትወርደው እናት ውሻ ቢጮኽባት መሮጫ የላትም፤ ሸክሟን ጥላ እንዳትሸሽ የልጆቿ እራት እርሱ ነው። በዚያ ኮረብታ «አይዞሽ፣ አይናከስም» እያለ ውሻውን ለቅቆ የሚሄድ ሰው ከገመዱ ጋር ይሉኝታንም የጣለ ሰው ነው። እርሷን ማሳመን የእርሷ ሥራ ሊሆን አይገባም፤ ገመዱን ማሳጠር የእኛ ሥራ ነው። ወደ ጠበል የሚወጣው ምእመን፣ ማልዶ የሚሮጠው አትሌት፣ በሱሉልታ በጎቹን የሚጠብቀው ልጅ ሁሉ ከእኛ በፊት በመንገዱ ላይ የነበሩ ናቸው። ሲያዩን ቆም እንበል፤ ውሻውን ወደ ዳር እንሳብ፤ ሰላምታውንም እኛ እናስቀድም። ሰብል አንርገጥ። ገፈርሳም ብንሄድ ውሻውን ውኃው ውስጥ አንልቀቅ፤ ከተማው የሚጠጣው ነውና። ጀንበር ሳትጠልቅም እንመለስ፤ ተራራው ማታ የጅብ ነው።

ውሻ ከነጭራሹ ሊረግጠው የማይገባ መሬትም አለ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ የጎለመሱት ቁጥራቸው 500 እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ የዌብ ሸለቆን ቀበሮዎች ክፉኛ ፈጅቷል፤ ምንጩም የሰው ውሻ ነበር። ስለዚህ ወደ ባሌ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ወይም ወደ መንዝ ጓሳ የሚሄድ መንገደኛ ውሻውን ቤት ይተወው። ውሻውን የሚወድ ሰው የሚታወቀው የት እንደሚወስደው በማወቁ ብቻ አይደለም፤ የት እንደማይወስደውም በማወቁ ጭምር ነው።

በመጨረሻ ለቋንቋችን ባለሙያዎች አንድ ነገር ልበል። «ውሻ» የሚለውን ቃል ለስድብ እንዳዋልነው ለሌላ ነገር አላዋልነውም። ተረቶቻችን የሚያውቁት በበላበት የሚጮኸውን፣ ቀድዶ ለጅብ መግቢያ የሚያበጀውን ነው፤ ሁሉም ከግቢና ከአጥር አይወጡም። በጎኑ የሄደውን፣ ዳገት ላይ ቆም ብሎ ዘወር እያለ የጠበቀውን ውሻ የሚያነሣ ስንት ግጥም አለን? የምናውቀውን ነውና የምንጽፈው፣ ታስሮ ያየነውን ታስሮ ጻፍነው።

የፊታችን ቅዳሜ ማለዳ ክትባቱ ያላለፈበት ውሻ ያላችሁ ሰንሰለቱን ፍቱና ገመዱን ያዙ። ያለፈበት ደግሞ መጀመሪያ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት፤ ተራራው የትም አይሄድም።