ኳስ ከሌለ ጨዋታ የለም ያለው ማነው?

በስፖርት ክፍለ ጊዜ ለ60 ተማሪ አንድ ኳስ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ሁላችንም በተማሪነታችን አይተነዋል። ጉልበት ያላቸው ይጫወታሉ፣ የቀረው ዳር ቆሞ ያያል። ሴቶቹ ደብተራቸውን ታቅፈው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ኳሱ እሾህ ከወጋውማ ስፖርት የሚባል ነገር እስከ ሰኔ አበቃለት ማለት ነው። ታዲያ እኛም ነገ ተመድበን ስንሄድ «ኳስ የለም» እያልን ልጆቹን ሜዳ ላይ ልንበትናቸው ነው ወይ?

ዲስክ ጎልፍ የሚባል ጨዋታ አለ። ጎልፍ ሲባል የሀብታም ነገር ስለሚመስለን ስሙ ያስደነግጥ ይሆናል። ይኸኛው ግን ዱላም፣ በየቀኑ የሚታጨድ ሣርም አይፈልግም። የሚያስፈልገው እንደ ሳህን ዝርግ የሆነ፣ ስፋቱ አንድ ስንዝር ያህል የሆነ የፕላስቲክ ዲስክ ነው። ተጫዋቹ ከመነሻው ቆሞ ወደ ዒላማው ይወረውራል፤ ዲስኩ ካረፈበት ይሄድና ከዚያው ደግሞ ይወረውራል። ዒላማው ላይ እስኪያደርስ ስንት ጊዜ እንደወረወረ ይቆጠራል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። በአብዛኛው 9 ወይም 18 ዒላማ ይኖራል። በጠቅላላው ጥቂት ጊዜ የወረወረ ያሸንፋል።

እ.ኤ.አ. በ1926 በካናዳ ሳስካችዋን ውስጥ ብላድዎርዝ በምትባል ቦታ ልጆች የቆርቆሮ ክዳን እየወረወሩ ይህን የመሰለ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። የዛሬውን መልክ ያስያዘው ፍሪዝቢ በሚሸጠው በዋም-ኦ ኩባንያ የሠራው አሜሪካዊ ኤድ ሄድሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በካሊፎርኒያ በኦክ ግሮቭ ፓርክ የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳ ሲከፈት ዒላማዎቹ መሬት ላይ የተተከሉ ምሰሶዎች ነበሩ። ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ኋላ የመጣ ነው፤ ተጫዋቾቹ «ነካ»፣ «አልነካም» እያሉ መጨቃጨቃቸው ሰልችቶት ነው የሠራው። ዛሬ በዓለም ላይ ከ10 ሺህ በላይ ሜዳዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ክፍያ አይጠይቁም።

አንዱ ዲስክ አሜሪካ ውስጥ ከ10 እስከ 20 ዶላር ይሸጣል። እነሱ ይህን ርካሽ ይሉታል፤ ለእኛ ርካሽ አይደለም። ስለዚህ እኔን የሳበኝ ዲስኩና ቅርጫቱ ሳይሆን ክዳኑና ምሰሶው ነው። የቀለም ባልዲ የፕላስቲክ ክዳን የት ጠፍቶ! ዒላማ የሚሆን ዛፍስ የሌለው ትምህርት ቤት ስንት ነው? ጠርዙ ወደ ታች ሆኖ፣ ከእጅ ሲለቀቅ በአንጓ አሽከርክሮ መወርወር ነው። ቀጥ አድርጎ የሚይዘው መሽከርከሩ ነው፤ ያልተሽከረከረ ክዳን ወዲያው ይገለበጣል። ክዳን ከዲስክ ይቀላልና ነፋስ ያስቸግረዋል፣ ይህን አልክድም። ቆርቆሮ ግን አይሆንም፤ የካናዳዎቹ ልጆች ቢወረውሩትም ጠርዙ ሰው ይቆርጣል።

«የባዕድ ጨዋታ ነው፣ የራሳችን ገና እያለ» የሚሉኝ አይጠፉም። እግር ኳስስ ከየት መጣ? ገናን ማንም ከእኔ አብልጦ አይወደውም፤ ዱላው ከቁጥቋጦ ይቆረጣል፣ ወጪ የለበትም። ነገር ግን ለ60 ሕፃናት 60 ዱላ አስይዞ እግራቸው ሳይሰበር ክፍለ ጊዜውን የሚጨርስ መምህር ካለ ይምጣና ያሳየን። ደግሞም ገና የጉልበተኛ ጨዋታ ነው። ክዳን ውርወራ ላይ ቀጭኗ ልጅ ጎረምሳውን ልትረታው ትችላለች፤ በኃይል የተወረወረው ከዛፉ አልፎ ስለሚሄድ ተመልሶ ለመምጣት ሌላ ውርወራ ይቆጠርበታል።

አንዳንድ መምህሮቻችን ደግሞ «ይህ ምን ስፖርት ነው፣ እርምጃ ብቻ» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሩጫን አይተካም። ቢሆንም 4 ልጆች አንድ ክዳን ይዘው ሲዞሩ አራቱም ይወረውራሉ፣ ተመልካች የሚባል የለም። 60 ተማሪ ማለት 15 ክዳን ነው። ዳኛ ስለሌለም እያንዳንዱ የራሱን ውርወራ ራሱ ይቆጥራል፣ ጓደኞቹም ይሰሙታል። አምስት ወርውሮ «አራት» የሚል ልጅ መጀመሪያ ላይ መኖሩ አይቀርም፤ ይህንን መምህሩ ሳይሆን አብረውት የሚዞሩት ናቸው የሚያርሙት። ድምሩን ክፍል ውስጥ ለሂሳብ ትምህርት መጠቀም ይቻላል።

አንድ ጥብቅ ሕግ ያስፈልጋል፦ ከፊት ያለው ቡድን ሳይርቅ ማንም አይወረውርም፣ ሰው ወደሚያልፍበት መንገድም አይወረወርም። ይህን የማያከብር ክዳኑን ያስረክባል።

እኔና ሁለት የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ በግቢያችን 9 ዛፎች መርጠናል። የመጀመሪያው ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ፊት ለፊት ያለው ባሕር ዛፍ ነው፣ የመጨረሻው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለው ግራር። በክሊኒኩ በኩል ያለውን ትተነዋል፣ ሕሙማን ይቀመጡበታል። እስካሁን 5 ክዳን አለን። ቅዳሜ ከጽዳት በኋላ እንጀምራለን፤ ሴት ሰልጣኞችም፣ «እርምጃ ብቻ» የሚሉት መምህሮቻችንም ቢመጡ ደስ ይለናል። ክዳን ያለው ይዞ ይምጣ።