ይፈትኑን፤ በሩን ግን አይዝጉብን

ለስቴቱ የጥርስ ሕክምና ፈቃድ ሰጪ ቦርድ

ጉዳዩ፦ በኢትዮጵያ የተማሩ የጥርስ ሐኪሞች ተመዝነው ፈቃድ የሚያገኙበት መንገድ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ክቡራን የቦርዱ አባላት፣

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ማመልከቻ ጋር የተያያዘው አመልካቾች፣ በኢትዮጵያ የጥርስ ሕክምና ተምረን፣ በመንግሥት ሆስፒታልና በግል ክሊኒክ ጥርስ ስንነቅል፣ ስንሞላ፣ የሥር ሕክምና ስንሰጥ ኖረን ወደዚህ አገር የመጣን ነን።

ቦርዱ የሕዝቡን ጤና የመጠበቅ አደራ እንዳለበት እናውቃለን። ያልሠለጠነ እጅ በሰው አፍ ውስጥ የሚያደርሰውንም በዓይናችን አይተናል። የወተት ክራንቻቸው ገና ድዳቸው ውስጥ ሳለ በመንደር አዋቂ ተፍቆ የወጣባቸው፣ ቁስሉ መግል የያዘባቸው ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ወደ እኛ ይመጡ ነበር። ስለዚህ ቁጥጥሩ ይላላ አንልም። አቤት የምንለው ሳንመዘን ስለተመለስን ነው።

ደንቡ ፈቃድ ፈላጊ ሁሉ ኮዳ የሚባለው የአሜሪካ ኮሚሽን ዕውቅና ከሰጠው ትምህርት ቤት እንዲመረቅ ያዛል። የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ከመካከላችን የትምህርት ማስረጃቸውን አስገምግመው፣ 500 ጥያቄ ያለውንና ሁለት ቀን የሚፈጀውን የብሔራዊ ቦርድ ፈተና ያለፉ አሉ። እዚህ የተመረቀው ወጣት የሚቀመጠውም ለዚሁ ፈተና ነው። እሱ ወደሚቀጥለው ደረጃ ሲያልፍ እኛ ከደጅ እንቀራለን። የተተወልን መንገድ ለውጭ ምሩቃን በተዘጋጀ የ2 ወይም የ3 ዓመት ፕሮግራም እንደገና መማር ነው፤ የብዙዎቹ ክፍያ ደግሞ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ነው። የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ አገር ቤት ላሉ ወላጆቹ የሚልክ ሰው ይህን ከየት ያመጣል?

ጥርስ በማጽዳት ሙያ፣ በሃይጂኒስትነት፣ እንሥራ ብንልም መልሱ ያው ነው፤ ዕውቅና ባለው የሃይጂኒስት ትምህርት ቤት ከሀ ጀምራችሁ ተማሩ እንባላለን። የድድ በሽታን ለዓመታት ያከመ ሐኪም የጥርስ ድንጋይ ለማንሳት ፈቃድ የለውም።

ይህን ማመልከቻ ያረቀቅሁት እኔ ዛሬ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነኝ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ጉንጫቸውን ይዘው፣ በሌላ እጃቸው የቀዘቀዘ የውኃ ጠርሙስ አንጠልጥለው መጡ። «ከጆሮዬ ሥር ይጠዘጥዘኛል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ስይዝበት ነው የሚያሳርፈኝ» አሉ። በስልክ የነበረው አስተርጓሚ «ቀዝቃዛ ነገር ያመኛል» ብሎ ተረጎመው። ሐኪሙ ለስሱ ጥርስ የሚሆን የጥርስ ሳሙና ሊያዝላቸው ሲል እኔ ጣልቃ ገባሁ። ቅዝቃዜ የሚያሳርፈው ጥርስ ነርቩ ሊሞት የደረሰ ነውና። ሐኪሙ ቅን ሰው ነው፤ ሰማኝ፣ የታችኛውን መንጋጋ ጥርስ መታ መታ ሲያደርገው እናትየው ከወንበሩ ዘለሉ። ሕክምናው በዚያው ቀን ተጀመረ። እማማ ሲወጡ እጄን ይዘው «ልጄ፣ አንቺ ለምን አታክሚኝም?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ክቡራን ሆይ፣ የምንለምነው በሌሎች ስቴቶች ያልተሞከረ ነገር አይደለም። ሚኒሶታ ከውጭ ለመጣ ሐኪም የተግባር ፈተናውን ሲያልፍ የተወሰነ ፈቃድ ትሰጠዋለች፤ ባለፈቃድ ሐኪም እየተቆጣጠረው 3 ተከታታይ ዓመት እንዲሠራም ታደርጋለች። ፍሎሪዳ በውጭ የተማረ የጥርስ ሐኪም ለሃይጂኒስትነት እንዲፈተን ትፈቅዳለች። ስለዚህ፦

1ኛ. ፈተናውን ያለፈ ሐኪም በባለፈቃድ ሐኪም ቁጥጥር ሥር የሚሠራበት የተወሰነ ፈቃድ እንዲፈቀድ፤

2ኛ. በውጭ የተመረቀ የጥርስ ሐኪም ለሃይጂኒስት ፈቃድ በቀጥታ እንዲፈተን፤

3ኛ. ማመልከቻ ውድቅ ሲሆን የጎደለው ነገር ተዘርዝሮ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ እንዲገለጽልን፤

4ኛ. ይህ ሁሉ የሕግ ለውጥ የሚጠይቅ ከሆነ ቦርዱ የድጋፍ ሐሳቡን ለስቴቱ ምክር ቤት እንዲያቀርብልን፤

በትሕትና እንጠይቃለን።

ከፈተናው የወደቀ ከመካከላችን ቢኖር ይመለስ፤ ቅር አንሰኝም። ያለፈው ግን ተምሮ የጨረሰውን ሙያ እንዲሠራ ይፈቀድለት። በቋንቋችን ሕመማቸውን የሚነግሩን እናቶችና አባቶች ዛሬም በየክሊኒኩ ተቀምጠው እየጠበቁ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አመልካቾች